በሥራ ቦታ ስለሚገኙ ተንቀሳቃሽ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ምርመራ

በንግድ ቤቶች፣ በመጋዘኖችና በጽሕፈት ቤቶች ውስጥ በስፒና እየተሰኩ የሚሠሩ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ቁጥር ከዓመት ወደ ዓመት እየበዛ መሄዱ ከማንም የተሰወረ አይደለም። ቀድሞ አንድ አምፖልና አንድ ራዲዮ ብቻ በነበረበት ሱቅ ዛሬ የውሃ ማፍያው፣ ፍሪጁ፣ የቡና መፍጫው፣ የገንዘብ መቁጠሪያው ማሽን፣ ካውያው፣ የስልክ ባትሪ መሙያውና የአየር ማራገቢያው ተሰልፈው ይገኛሉ። በግድግዳ ውስጥ የተቀበረው ሽቦ በባለሙያ እጅ ከተዘረጋ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሳይነካ ይቀመጣል። ተንቀሳቃሹ መሣሪያ ግን በየቀኑ ይነሣል፣ ይወድቃል፣ ገመዱ ይጎተታል፣ ይረገጣል፣ ውሃም ይፈስበታል። ስለዚህ ከግድግዳው ሽቦ ይልቅ ቶሎ የሚጎዳው ይኸው መሣሪያ ከነገመዱና ከነስፒናው ነው።

ነገሩ ነጋዴውን በሁለት በኩል ይነካዋል። አስመጪና ሻጭ እንደ መሆኑ፣ ወደ አገር የሚያስገባው ዕቃ በደንበኛው ቤት ምን ያደርግ ይሆን ብሎ ማሰብ አለበት። አሠሪ እንደ መሆኑ ደግሞ የራሱ ሠራተኞች በየዕለቱ የሚጨብጡት መሣሪያ ደኅና መሆኑን ማረጋገጥ ግዴታው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኞቹን ደኅንነትና ጤንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ ሁሉ እንዲወስድ ያዝዛል። ይህ ትእዛዝ ለፋብሪካ ብቻ የተጻፈ የሚመስላቸው ባለ ሱቆች አይጠፉም፤ ነገር ግን አንዲት አስተናጋጅ ብቻ ቀጥሮ የሚያሠራ ሻይ ቤትም ቢሆን አሠሪ ነው።

ኮረንት ሰውን የሚጎዳው በሰውነቱ ውስጥ በሚያልፈው መጠንና በሚቆይበት ጊዜ ልክ ነው። መጠኑም የሚቆጠረው በአምፔር ሺህኛ ክፍል፣ ማለት በሚሊ አምፔር ነው። ግማሽ ወይም አንድ ሚሊ አምፔር ያህል ሲያልፍ ሰው መንዘሩ ይሰማዋል። ወደ 10 ሚሊ አምፔር ሲጠጋ የእጅ ጡንቻ ይኮማተርና የያዙትን መልቀቅ ያስቸግራል። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በበርክሌይ፣ ያስተምሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ቻርልስ ዳልዚል በፈቃደኞች ላይ ባደረጉት ልኬት፣ ሰው የያዘውን ሽቦ በራሱ ፈቃድ ሊለቅ የሚችልበት የመጨረሻ መጠን በአማካይ ለወንዶች 16፣ ለሴቶች 10.5 ሚሊ አምፔር ሆኖ አግኝተውታል። ከ30 እስከ 50 ሚሊ አምፔር የሚደርሰው ደግሞ ጥቂት ከቆየ የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል። እንግዲህ የረጠበ እጅ ያለው፣ እግሩም በእርጥብ ሲሚንቶ ላይ የቆመ ሰው ሰውነቱ 1,000 ኦም ያህል መከላከያ ብቻ አለው ቢባል፣ በ220 ቮልት 220 ሚሊ አምፔር ያልፍበታል ማለት ነው። ይህ መጠን ባለ 50 ዋት አምፖል ለማብራት እንኳ ጥቂት ይጎድለዋል። አምፖል ለማብራት የማይበቃው ኮረንት ሰውን ለመግደል ከሚበቃው በላይ መሆኑን ብዙ ሰው አያስተውለውም።

ከዚህ አደጋ ሰውን እንዲጠብቅ የተሠራው በገመዱ ውስጥ ሦስተኛ ሆኖ የሚሄደው የመሬት ሽቦ ነው። አሠራሩን ለመረዳት በአንድ ሻይ ቤት ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ፣ አካሉ ብረት የሆነ የውሃ ማፍያ ማሰብ ይበቃል። በውስጡ ያለው ማሞቂያ አርጅቶ ቢሰነጠቅ ወይም አንዱ ሽቦ ከማሰሪያው ቢወልቅ፣ ኃይል ያለው ሽቦ፣ ባለሙያዎች ፌዝ የሚሉት፣ ከብረቱ አካል ጋር ይገናኛል። የመሬት ሽቦው ደኅና ከሆነ ብዙ ኮረንት በአንድ ጊዜ በእርሱ በኩል ወደ መሬት ይሮጣል፤ ያን ጊዜም ፊውዙ ይቃጠላል ወይም ብሬከሩ ይወድቃል፤ መብራት ይጠፋል፤ ባለቤቱም ቢበሳጭ ጉዳቱ በዚያው ያበቃል። የመሬት ሽቦው የተቆረጠ ከሆነ ግን ምንም ነገር አይወድቅም፤ ምንም አይጠፋም። ማፍያው ውሃውን እንደ ወትሮው ያፈላል፤ አካሉ ግን 220 ቮልት ተሸክሞ እጅ የሚነካውን ይጠብቃል።

የምርመራው ሁሉ ምክንያት ከዚህ ይመነጫል። ፌዙ ቢበጠስ መሣሪያው መሥራቱን ያቆማል፤ ባለቤቱም ወዲያው ያውቃል። የመሬት ሽቦው ቢበጠስ ግን ማንም አያውቅም፤ መሣሪያው «ደኅና ይሠራል» እየተባለ ለዓመታት ይኖራል። «ይሠራል» ማለትና «አያሰጋም» ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ሁለተኛውን ለማወቅ ሆን ብሎ መፈለግ ያስፈልጋል።

የመሬቱ ሽቦ የሚጠፋው በእርጅና ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። ነገር ግን ብዙ ጊዜ የሚጠፋው በራሱ በንግዱ መንገድ ላይ ነው። በኢትዮጵያ ያለው የኤሌክትሪክ ኃይል 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ሲሆን፣ ሶኬቱም ሁለት ክብ ቀዳዳ ያለው ነው። የመሬት መገናኛ ያለው ዓይነት፣ በጀርመን ስሙ ሹኮ የሚባለው፣ በጎንና በጎኑ ሁለት የብረት ጥርሶች አሉት። በዱባይ በኩል የሚገባው ዕቃ ግን ብዙውን ጊዜ የእንግሊዝን ስፒና ይዞ ይመጣል፤ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ የምትገለገለው በዚሁ፣ ሦስት ባለ አራት ማዕዘን እግሮች ባሉት ስፒና ነውና። ቮልቱና ኸርዙ ስለሚስማሙ ዕቃው እዚህም ይሠራል፤ የማይገጥመው ስፒናው ብቻ ነው። ይህች ትንሽ አለመግጠም ናት ትልቁን ጉዳት የምታመጣው።

ባለ ሱቁ ወይም ገዢው ከሁለት አንዱን ያደርጋል። አንደኛው ስፒናውን ቆርጦ ሁለት ክብ እግር ያለውን ቀጭን ስፒና መግጠም ነው። በዚህ ጊዜ ሁለቱ ሽቦዎች ቦታ ያገኛሉ፤ አረንጓዴና ቢጫ መስመር ያለበት የመሬት ሽቦ ግን የሚታሰርበት ስለሌለው ወደ ኋላ ታጥፎ በፕላስተር ይጠቀለላል፤ አለዚያም ከሥሩ ይቆረጣል። ሁለተኛው መንገድ አዳፕተር መግዛት ነው። ከእነዚህ አዳፕተሮች ብዙዎቹ በፊታቸው ሦስት ቀዳዳ ሲኖራቸው በጀርባቸው ሁለት ቀጭን እግሮች ብቻ አሉ፤ የመሬቱ መንገድ በፕላስቲኩ ውስጥ ያልቃል። ደንበኛው ሦስተኛውን ቀዳዳ ስለሚያይ ሁሉም የተሟላ ይመስለዋል። እንዲህ ያለውን ዕቃ በካርቶን የሚያስመጣ ነጋዴ የሚሸጠው ለሰው ምቾት የሚሆን ነገር እንደ ሆነ ያስብ ይሆናል፤ በእያንዳንዱ ቁራጭ ግን የአንድን መሣሪያ መጠበቂያ እየቆረጠ መሆኑን ማወቅ ይገባዋል።

ከእንግሊዙ ስፒና ጋር አብሮ የሚጠፋ ሌላም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1947 በወጣው የእንግሊዝ ደረጃ ቢ.ኤስ. 1363 መሠረት የሚሠራው ይህ ስፒና በሆዱ ውስጥ ፊውዝ ይዟል፤ ብዙውን ጊዜም 3 ወይም 13 አምፔር ነው። የእንግሊዝ ቤቶች ሶኬቶች በአንድ ቀለበት መስመር ላይ ተያይዘው ከ30 አምፔር በላይ ሊሸከሙ ስለሚችሉ፣ ቀጭኑን ገመድ የሚጠብቀው ይኸው ፊውዝ ነው። ስፒናው ሲቆረጥ ፊውዙም አብሮ ይጣላል፤ ከዚያ ወዲያ ገመዱን የሚጠብቀው በግድግዳው ሰሌዳ ላይ ያለው ብሬከር ብቻ ይሆናል። ያም ብሬከር የተመረጠው ለግድግዳው ሽቦ እንጂ ለቀጭኑ ገመድ አይደለም።

መፍትሔው ትእዛዝ በሚሰጥበት ቀን የሚገኝ ነው። አስመጪው በውል ደብዳቤው ላይ ዕቃው በሹኮ ሶኬት የሚገባና የመሬት መገናኛ ያለው ስፒና በፋብሪካው ተገጥሞለት እንዲላክ ቢጽፍ፣ ብዙ ቁጥር ለሚያዝ ደንበኛ ፋብሪካዎች ይህን ማድረግ አያስቸግራቸውም። በፋብሪካ ተቀርጾ ከገመዱ ጋር የተዋሐደ ስፒና በገበያ ከሚታሰረው ይልቅ እጅግ የጸና ነው። በእንግሊዝ አገርም ቢሆን እስከ ብዙ ዘመን ድረስ ዕቃ ያለ ስፒና እየተሸጠ ገዢው በራሱ እጅ ያስር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው ደንብ ግን የቤት ዕቃ ስፒናው ተገጥሞለት እንዲሸጥ አስገደደ። የገዢ እጅ የተለያየ እንደ ሆነ መንግሥቱ ስላወቀ ነው።

ሹኮ ራሱ አንድ ተንኰል አለበት። የጎን ጥርስ በሌለው አሮጌ ጠፍጣፋ ሶኬት ውስጥ ያለ ችግር ይገባል፤ መሣሪያው ይሠራል፤ የመሬት መገናኛ ግን የለም። ስለዚህ መሣሪያውን ብቻ መርምሮ ሶኬቱን ሳያዩ መተው ግማሽ ሥራ ነው።

ስለ ሽቦ ቀለምም አንድ ቃል ማለት ያስፈልጋል። ዛሬ በዓለም አቀፍ ደረጃ በገመድ ውስጥ ቡናማው ፌዝ፣ ሰማያዊው ኒውትራል፣ አረንጓዴና ቢጫው የመሬት ነው። ይህ ስምምነት የመጣው እ.ኤ.አ. በ1970 አካባቢ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በእንግሊዝ ቀዩ ፌዝ ነበር፤ በጀርመን ግን ያው ቀይ የመሬት ሽቦ ነበር። ጥቁሩም በእንግሊዝ አሮጌ ገመድ ኒውትራል ሲሆን በአሜሪካ ዕቃ ፌዝ ነው። አሮጌ ማሽን ያለው ድርጅት ስፒና ሲያስቀይር ቀለም አይቶ ብቻ እንዳይታሰር፣ በመለኪያ ተረጋግጦ እንዲታሰር ማዘዝ አለበት። ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የሚመጣው ባለ 120 ቮልት ዕቃማ ከነጭራሹ ሌላ ነገር ነው፤ 1,000 ዋት የተጻፈበት ማሞቂያ በ220 ቮልት ላይ ቢሰካ ከ3,300 ዋት በላይ ሊስብ ስለሚሞክር የሚቃጠለው በደቂቃዎች ውስጥ ነው።

በየሱቁ «ይህ ፍሪጅ ይነዝራል» ሲባል ይሰማል። ሠራተኞቹ ይለምዱትና ጫማ አድርገው መክፈት፣ ወይም ከፊቱ የጎማ ምንጣፍ ማንጠፍ ይጀምራሉ፤ አዲስ የመጣ ሠራተኛም እንደ ቀልድ ይነገረዋል። ነገር ግን መንዘር ቀልድ አይደለም፤ መልእክት ነው። የሚናገረውም ከሁለት አንዱን ነው፤ ወይ በመሣሪያው ውስጥ ፌዙ አካሉን መንካት ጀምሯል፤ ወይ መሣሪያው ደኅና ሆኖ የመሬት ሽቦው የለም። ይህ ሁለተኛው በኮምፒውተርና በመሰሉት መሣሪያዎች ላይ ዘወትር ይታያል፤ በውስጣቸው ያለው የድምፅ ማጣሪያ ጥቂት ኮረንት ወደ አካላቸው ስለሚልክ፣ የመሬት ሽቦ ካለ ያ ጥቂት ኮረንት ማንም ሳይሰማው ይሄዳል፤ ከሌለ ግን በነካው እጅ በኩል ያልፋል። በራሱ ጉዳት የሚያደርስ መጠን አይደለም፤ ሆኖም ነገ በውስጡ እውነተኛ ጉድለት ቢነሣ የሚያድን መንገድ እንደሌለ አስቀድሞ ያስታውቃል። ስለዚህ የሚነዝር መሣሪያ የጎማ ምንጣፍ አያስፈልገውም፤ ከሶኬቱ ነቅሎ ባለሙያ መጥራት ነው የሚያስፈልገው።

ሁሉም መሣሪያ የመሬት ሽቦ ይፈልጋል ማለት ግን አይደለም። መሣሪያዎች በሦስት ክፍል ይመደባሉ። አንደኛው ክፍል እስካሁን የተነገረለት፣ ብረት አካሉ ከመሬት ሽቦ ጋር የታሰረው ነው፤ ፍሪጅ፣ ምጣድ፣ ካውያ፣ የብረት ውሃ ማፍያ ከዚህ ይቆጠራሉ። ሁለተኛው ክፍል ድርብ መከለያ ያለው ሲሆን፣ በስም ሰሌዳው ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ የተሣለ ሁለት አራት ማዕዘን ይታያል፤ የፀጉር ማድረቂያ፣ የፀጉር መቁረጫና ብዙዎቹ የእጅ መሰርሰሪያዎች እንዲህ ናቸው። እነዚህ ባለ ሁለት እግር ስፒና ቢኖራቸው ጉድለት አይደለም። ሦስተኛው ክፍል ከ50 ቮልት በታች በሆነ ኃይል የሚሠራ ነው። አስመጪው ዕቃ ሲመርጥ የስም ሰሌዳውን አንብቦ ይህን ምልክት ቢፈልግ፣ ብረት አካል ኖሮት የአራት ማዕዘኑም ምልክት የሌለው፣ ገመዱም ሁለት ሽቦ ብቻ የሆነ ዕቃ ቢያገኝ፣ በዋጋው ርካሽነት ሳይታለል መተው ይገባዋል። ሲ.ኢ. የሚል ጽሑፍ ቢኖርበትም ለብዙው የቤት ኤሌክትሪክ ዕቃ ይህ ጽሑፍ አምራቹ ራሱ የሚሰጠው ቃል እንጂ የሌላ መርማሪ ምስክርነት አይደለም፤ ስለዚህ የምርመራውን ወረቀት ጭምር መጠየቅ ተገቢ ነው።

ወደ ራሱ ወደ ምርመራው ሲደረስ፣ ብዙ ሰው የሚያስበው ውድ መለኪያና የሠለጠነ መሐንዲስ ነው። የብሪታንያ የሥራ ጤናና ደኅንነት መሥሪያ ቤት ግን ከጉድለቶች አብዛኞቹ በዓይን ብቻ ሊገኙ እንደሚችሉ ያስተምራል። ዓይንና እጅ ያለው ማንኛውም አስተዋይ ሠራተኛ፣ ጥቂት ሰዓት ከተማረ፣ የሥራውን ትልቁን ክፍል ሊፈጽም ይችላል። መጀመሪያ መሣሪያውን ከሶኬቱ ይነቅላል፤ ይህ ሳይደረግ ምንም አይነካም። ከዚያ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጁ እያሳለፈ የተሰነጠቀ፣ የቀለጠ፣ በፕላስተር የተጠገነ፣ በአይጥ የተበላ መሆኑን ያያል። ገመዱ ወደ ስፒናውና ወደ መሣሪያው በሚገባበት ቦታ ላይ የላይኛው ጎማ ወደ ኋላ ሸሽቶ ባለ ቀለሞቹ ሽቦዎች ከታዩ፣ ማሰሪያው ለቋል ማለት ነው፤ ቀጥሎ የሚነቀለው ሽቦው ራሱ ነው። የስፒናው እግሮች ከጠቆሩ ወይም ፕላስቲኩ ቡናማ ከሆነ ሙቀት አለ። 10 አምፔር በሚያልፍበት ቦታ የግማሽ ኦም ያህል ልል ግንኙነት ቢኖር 50 ዋት ሙቀት በዚያች ጠባብ ስፒና ውስጥ ይፈጠራል፤ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ የሚቃጠልበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው።

በመጨረሻም ስፒናው በብሎን የተዘጋ ከሆነ በካቻቢቴ ፈትቶ ውስጡን ያያል። የመሬት ሽቦው በቦታው ታስሯል ወይ? ከሌሎቹ ትንሽ ረዘም ተደርጎ ተቆርጧል ወይ? ረዘም ማለቱ ገመዱ በኃይል ቢጎተት እርሱ ከሁሉ በኋላ እንዲነቀል ነው። ገመዱንስ የሚጨብጠው ማሰሪያ ጎማውን ይዟል ወይስ ሽቦዎቹን? ይህን ሁሉ ለማየት አምስት ደቂቃ ይበቃል።

ዓይን የማይደርስበትን ደግሞ መለኪያ ይደርስበታል። የመጀመሪያው መለኪያ ከስፒናው የመሬት መገናኛ እስከ መሣሪያው ብረት አካል ያለውን መንገድ ይለካል፤ በተለመደው ደንብ የገመዱ የራሱ መጠን ታስቦ ከ0.1 ኦም ባይበልጥ መልካም ይባላል። እዚህ ላይ በየሱቁ የሚገኘው ተራ መልቲሜትር ሊያታልል እንደሚችል ማስታወስ ያሻል። በገመዱ ውስጥ ካሉት ብዙ ቀጫጭን የመዳብ ክሮች ሁሉም ተበጥሰው አንዱ ክር ብቻ ቢቀር፣ መልቲሜትሩ በጣም ጥቂት ኮረንት ስለሚልክ መንገዱን «ደኅና» ብሎ ያሳያል፤ ያ አንድ ክር ግን እውነተኛ ጉድለት የደረሰ ቀን ብሬከሩ ሳይወድቅ ቀልጦ ያልቃል። ለዚህ ሥራ የተሠራው መለኪያ ብዙ ኮረንት የሚልክበት ምክንያት ይህ ነው፤ ገመዱም በሚለካበት ጊዜ እየታጠፈ እየተወዛወዘ መታየት አለበት። በካቻቢቴ መልክ የተሠራው፣ ሲነካ የሚበራው ቴስተርም ፌዝ መኖሩን ብቻ ይናገራል፤ ስለ መሬት ሽቦ ምንም አያውቅም።

ሁለተኛው መለኪያ መከለያውን ይፈትሻል። 500 ቮልት ቀጥተኛ ኃይል በፌዝና በኒውትራል በአንድ ወገን፣ በአካሉ በሌላ ወገን እየተላከ የሚያፈስ ነገር መኖሩ ይታያል። ለአንደኛው ክፍል ከ1 ሜጋ ኦም፣ ለሁለተኛው ክፍል ከ2 ሜጋ ኦም ያላነሰ ውጤት ይጠበቃል፤ ከ3,000 ዋት በላይ የሆኑ ማሞቂያዎች፣ እንጀራ ምጣድን የመሰሉ፣ በተፈጥሯቸው እርጥበት ስለሚስቡ እስከ 0.3 ሜጋ ኦም ይፈቀድላቸዋል። ይህን ሥራ ባለ ሱቁ ራሱ እንዲሠራው አይመከርም፤ ዕውቀት ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ በግማሽ ቀን ውስጥ የአንድን መካከለኛ ሱቅ ዕቃ ለክቶ ይጨርሳል።

በየስንት ጊዜው መመርመር አለበት የሚለው ጥያቄ ብዙ ክርክር ያስነሣ ነው። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የሥራ ላይ ኤሌክትሪክ ደንብ አሠሪው መሣሪያዎቹን አደጋ እንዳያደርሱ አድርጎ እንዲጠብቅ ያዝዛል እንጂ «በየዓመቱ ለካ» የሚል ቃል የለበትም። ሆኖም በየዓመቱ እየዞሩ አረንጓዴ ወረቀት የሚለጥፉ ድርጅቶች ተነሡ፤ በየጽሕፈት ቤቱ የተቀመጠ፣ ከጠረጴዛ ተነሥቶ የማያውቅ መሣሪያ ሁሉ በየዓመቱ እየተለካ ገንዘብ ይከፈልበት ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2011 መንግሥቱ ያዘዛቸው ፕሮፌሰር ራግናር ሎፍስቴት የሥራ ደኅንነት ደንቦችን መርምረው ባቀረቡት ጽሑፍ፣ አደጋው አነስተኛ በሆነበት ቦታ ይህ ልማድ ከልክ ያለፈ መሆኑን አመለከቱ። የወረቀቱ መለጠፍ የመሣሪያውን ደኅንነት ይተካል ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው፤ ወረቀቱ የሚናገረው በተለካበት ቀን ደኅና እንደ ነበረ ብቻ ነው፤ በማግሥቱ ገመዱ በበር ሊቀረጠፍ ይችላል።

የጀርመን የሥራ አደጋ መድን ማኅበራት ያወጡት ደንብ ለነጋዴ አእምሮ ይበልጥ የሚስማማ ነው። ለተንቀሳቃሽ መሣሪያ በመነሻው ስድስት ወር፣ ለግንባታ ቦታ ሦስት ወር ይሰጣል። ነገር ግን በምርመራ ጊዜ ጉድለት የተገኘባቸው ከመቶ ሁለት በታች ከሆኑ ጊዜው ሊራዘም ይችላል፤ በወርክሾፕ እስከ አንድ ዓመት፣ በጽሕፈት ቤት እስከ ሁለት ዓመት። ዕቃውን በደኅና የያዘ ድርጅት የምርመራ ወጪው ይቀንስለታል፤ ያጎሳቆለ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይከፍላል። ይህ ግን መዝገብ ላልያዘ ሰው አይሠራም፤ ካልቆጠረ ከመቶ ስንቱ እንደ ተበላሸ አያውቅምና። መዝገቡም ተራ ደብተር ቢሆን ይበቃል፤ የመሣሪያው ቁጥር፣ የታየበት ቀን፣ የተገኘው ነገር፣ የተመልካቹ ፊርማ።

ጊዜው መወሰን ያለበት መሣሪያው በሚኖርበት ኑሮ ነው። በላኪዎች መጋዘን ቡናና ሰሊጥ የሚታሸግበት፣ በእጅ የሚያዘው የጆንያ መስፊያ ማሽን ቀኑን ሙሉ በሰው መዳፍ ውስጥ ይውላል፤ ገመዱ በጆንያ ክምር ላይ ይጎተታል፤ የጭነት ጋሪ ይሄድበታል፤ አቧራም ይገባበታል። ይህ በየሳምንቱ በዓይን ቢታይ፣ በየሦስት ወሩ ቢለካ አይበዛበትም። በአንድ ጥግ ያለ የጽሕፈት ማሽን ግን ለረጅም ጊዜ ሳይነካ ቢቆይ የሚጎዳ የለም። በልብስ ሰፊ ቤት ያለው ካውያ ገመዱ በየደቂቃው ስለሚታጠፍ፣ በሻይ ቤትና በፀጉር ቤት ያለው ሁሉ ከውሃ ጋር ስለሚኖር፣ ወደ ፊተኛው ወገን ይመደባል። በእነዚህ ቦታዎች 30 ሚሊ አምፔር ወደ መሬት ሲያፈስ በራሱ የሚዘጋውን፣ አርሲዲ የሚባለውን መቁረጫ ማስገጠም ከምርመራው ጎን ለጎን ሊታሰብ የሚገባ ነው። በላዩ ላይ ያለችው የመፈተኛ ቁልፍ በየጊዜው መጫን አለባት፤ መቁረጫው ካልወደቀ አይሠራም ማለት ነው፤ ቢወድቅም ግን ስለ መሬት ሽቦው መኖር አትመሰክርም።

በተለምዶ ዲቫይደር የሚባለው ማከፋፈያ ገመድ ለብቻው ሊነገርለት ይገባል። የገመድ ውፍረት 0.75 ሚሊ ሜትር ካሬ ከሆነ 6 አምፔር፣ 1.5 ከሆነ 15 አምፔር ያህል ይሸከማል ተብሎ ይገመታል። አንድ ባለ 2,200 ዋት ማፍያ ብቻውን 10 አምፔር ይስባል፤ 3,500 ዋት የሚወስድ እንጀራ ምጣድ 16 አምፔር ይጠጋል። እንግዲህ አምስት ቀዳዳ ስላለው አምስት መሣሪያ ይችላል ማለት አይደለም። ሙቀቱም ኮረንቱ እጥፍ ሲሆን እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። ምጣድ በዲቫይደር ላይ ፈጽሞ መሰካት የለበትም።

አስመጪዎች እንዲህ ያለውን ገመድ ሲገዙ አንድ የማጭበርበሪያ ዘዴ እንዳለ ቢያውቁ ይጠቅማቸዋል። በጎማው ላይ 3 በ1.5 ተብሎ የታተመው ገመድ ሲላጥ ክሮቹ ቀጭንና ጥቂት ይሆናሉ፤ ወይም መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ይሆናሉ። አሉሚኒየም በተመሳሳይ ውፍረት ከመዳብ 1.6 ጊዜ ያህል ለኮረንት ይከለክላል፤ ሲታጠፍም ቶሎ ይሰበራል። መለያው ብዙ ድካም የለበትም። አንዱን ክር በቢላ ፍቆ ከቀዩ ሥር ነጭ ብቅ ካለ መዳብ አይደለም። ጥቅሉን በእጅ መመዘንም ይረዳል፤ መዳብ ከአሉሚኒየም ከሦስት እጥፍ በላይ ይከብዳልና ጥቅሉ ቀላል ከሆነ ያጠራጥራል። ማግኔት የሚስበው ከሆነ ደግሞ ውስጡ ብረት ነው። ከእያንዳንዱ ጭነት ሁለት ሦስት ናሙና ቆርጦ በዚህ ዓይነት ማየት፣ ጭነቱ በመጋዘን ከተራገፈ በኋላ ከደንበኛ ጋር ከመጣላት ይሻላል።

በምርመራ የወደቀ መሣሪያ የሚሆነውም ነገር አስቀድሞ መታወቅ አለበት። «ኋላ ይጠገናል» ተብሎ በመደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ካውያ፣ በሰኞ ጥድፊያ ወቅት ነገሩን የማያውቅ ሠራተኛ አንሥቶ ይሰካዋል። ስለዚህ መጀመሪያ «አይሠራበትም» የሚል ወረቀት ይታሰርበትና ተቆልፎ ይቀመጣል፤ የሚጠገን ከሆነ ተጠግኖ እንደገና ሳይለካ አይመለስም። የማይጠገን ከሆነ ከሶኬቱ ተነቅሎ ገመዱ በመሣሪያው ሥር ይቆረጣል። ተቆርጦ የቀረው ስፒና ግን ከነቁራጭ ገመዱ በየትም አይጣልም፤ አንድ ልጅ አግኝቶ በሶኬት ቢሰካው፣ በሌላው ጫፍ የተራቆተው ሽቦ 220 ቮልት ይዞ ይቀራል። ገመዱ ከስፒናው ሥር ድረስ ይቆረጣል፤ የስፒናውም እግሮች በፒንሳ ታጥፈው ከዚያ በኋላ ወደ ቆሻሻው ይጣላሉ።